«ስበቱ ከበደኝ» ሲሏችሁ፦ ለጠፈር ጌም የተጫዋች አስተያየት ሰብስቦ ወደ ማስተካከያ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

በጣት ወደኋላ ስቦ የሚወነጨፍ፣ መንኮራኩሯ በፕላኔቶች ስበት እየታጠፈች ዒላማዋ ላይ የምትደርስበት ቀላል ጌም ሠርታችኋል እንበል። ለአሥር ሰው አስጫወታችሁ። ስድስቱ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» አሉ፤ ሦስቱ «ከባድ ነው» አሉ፤ አንዱ «ስበቱ ልክ አይደለም» አለ። ማታ ስበቱን ቀነሳችሁ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሰው «ምንም አይስብም እኮ» አለ። መልሳችሁ ጨመራችሁ። ብዙ ሠሪ ወራት የሚያባክነው እዚህ አዙሪት ውስጥ ነው።

ስህተቱ ያለው የተጫዋቹን ቃል እንደ ትእዛዝ መቀበል ላይ ነው። «ከባድ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ቢያንስ አምስት የተለያየ ጥፋት ይሸፍናል፤ አብዛኞቹም ከስበቱ መጠን ጋር አይገናኙም። መመሪያው እነዚህን ለይቶ ለማውጣት ነው። ቦታውና ሰዉ የባሕር ዳር ነው፤ ቁጥሮቹ ግን የትም ይሠራሉ።

## የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት የራሳችሁ ስልኮች። አንዱ ደካማ (ራሙ 2 ጊጋ፣ የስክሪኑ ስፋት 720 ፒክሰል የሆነ አሮጌ ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ይበቃል)፣ ሌላው ስክሪኑ 90 ወይም 120 ኸርዝ የሆነ (በሰከንድ 90 ወይም 120 ጊዜ የሚታደስ)። በአንድ ስልክ ብቻ የተሰበሰበ አስተያየት ግማሹ ስለ ስልኩ ነው።
- ፓወር ባንክ። ባትሪው ሲያልቅ ስልኩ ራሱን ወደ ቆጣቢ ሁነታ ሊያስገባና ጌሙን ሊያዘገየው ይችላል፤ ተጫዋቹም «ይንቀራፈፋል» ይላል። መብራት እስኪመጣ ብሎ ሥራ ማቆምም አለ።
- ደረቅ ጨርቅ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ።
- አንድ ረዳት። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ሰው ሳትጠሩ ፊዚክሱን ራሳችሁ ፈትሹ

የተበላሸ ፊዚክስ ይዛችሁ ሰው ብታስጫውቱ የምትሰበስቡት ቅሬታ ሁሉ ከንቱ ነው።

ለምሳሌ እንዲመቸን በሙሉ መመሪያው አንድ ፕላኔት እንጠቀም፦ ግማሽ ስፋቷ (ራዲየሷ) 40 ፒክሰል፣ የስበት ቁጥሯ 1,000,000። የስበት ቁጥር የምንለው በርቀት ስኩዌር የሚካፈለውን ነው። ከማዕከሏ 100 ፒክሰል ላይ 1,000,000 ÷ 10,000 = 100፤ ማለትም መንኮራኩሯ በየሰከንዱ 100 ፒክሰል በሰከንድ ፍጥነት እየጨመረች ወደ ፕላኔቷ ትሳባለች። 200 ላይ 25 ብቻ ነው፤ 50 ላይ ግን 400።

1. የጌም ሞተሩን (ጌሙን የምትሠሩበትን ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ዩኒቲ ወይም ጎዶት) የራሱን ስበት አጥፉ። ዩኒቲ ባለሁለት ገጽ (2D) ፊዚክሱን ሲከፍት ወደታች የሚስብ 9.81 ይዞ ነው፤ ጎዶት ደግሞ 980። ፕላኔት የሌለበት ባዶ ሌቭል ክፈቱና መንኮራኩሯን ያለ ፍጥነት አስቀምጧት። ቀስ ብላ ወደታች ከወረደች ይህ ቁጥር አልጠፋም ማለት ነው። ብዙ «ስበቱ ልክ አይደለም» እዚህ ያልቃል።

2. ስሌቱን ከፍሬም አላቅቁት። ስበቱን በእያንዳንዱ የስክሪን ፍሬም (ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር በሚሳለው ምስል) የምትደምሩ ከሆነ፣ ጌሙ 90 ኸርዝ ስልክ ላይ ከ60 ኸርዙ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል፤ ባትሪ ቆጣቢ ወደ 30 ሲያወርደው ደግሞ በግማሽ ይዘገያል። ስሌቱን ቋሚ እርምጃ (በስሌትና በስሌት መካከል እኩል ጊዜ) ባለው የፊዚክስ ዑደት ውስጥ አስገቡ። ዩኒቲ ካልነካችሁት እርምጃው 0.02 ሰከንድ ነው፤ ጎዶት በሰከንድ 60 ጊዜ ያሰላል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ መሃል ላይ መቀየር ግን አይሠራም።

3. መጀመሪያ ፍጥነትን፣ ቀጥሎ ቦታን አድሱ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነገር ነው። ቦታውን በአሮጌው ፍጥነት ካደሳችሁ በኋላ ፍጥነቱን ብታድሱ፣ መንኮራኩሯ ከየትም ያልመጣ ጉልበት ታገኛለች፤ ምሕዋሯ (በፕላኔቷ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድ) በየዙሩ እየሰፋ ይሄዳል።

4. የምሕዋር ፈተና። መንኮራኩሯን ከማዕከሉ 100 ፒክሰል ላይ አስቀምጡና በጎን በኩል በሰከንድ 100 ፒክሰል ወንጭፏት። (ክብ ምሕዋር የሚሰጠው ፍጥነት የስበት ቁጥሩ ለርቀቱ ተካፍሎ ስኩዌር ሥሩ ሲወሰድ የሚገኘው ነው፤ 1,000,000 ÷ 100 = 10,000፣ ሥሩ 100።) በ6.3 ሰከንድ ገደማ አንድ ዙር መጨረስ አለባት። ለ10 ደቂቃ ተዋት። ርቀቷ ከ98 እስከ 102 መካከል ከቆየ ደህና ነው። እየሰፋች ከሄደች ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ።

5. የማምለጫ ፈተና። እዚያው ቦታ ላይ በ142 ወንጭፏት፤ ርቃ መሄድ አለባት። በ130 ብትወነጨፍ ደግሞ ሩቅ ሄዳ መመለስ አለባት። በ130 ጭራሽ ካመለጠች ወይ ስበቱ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ይቆረጣል፣ ወይ ከርቀት ስኩዌር ይበልጥ እየፈጠነ ይቀንሳል። ሆን ብላችሁ የቆረጣችሁት ከሆነ የሚቆረጥበትን ወሰን በቀጭን ክብ ለተጫዋቹ አሳዩት፤ ካልሆነ ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል፣ ምን እንደሆነ ግን ሊነግራችሁ አይችልም።

> ማስጠንቀቂያ፦ ገጽ የሌለው ስበት (ጥቁር ጉድጓድ) ካላችሁ፣ መንኮራኩሯ 2 ፒክሰል ድረስ ስትጠጋ ስበቱ 250,000 ይደርሳል። በአንዲት የ1/60 ሰከንድ እርምጃ ከ4,000 በላይ ፍጥነት ታገኝና ከስክሪኑ ተስፈንጥራ ትጠፋለች። መፍትሔው ስሌቱ ውስጥ በርቀት ስኩዌር ላይ ትንሽ ቋሚ መደመር ነው፦ የርቀቱ ስኩዌር ላይ 400 (የ20 ስኩዌር) ደምሩ፣ ድምሩን ወደ 1.5 ኃይል አንሡ፣ የስበት ቁጥሩን በርቀቱ አባዝታችሁ ለዚያ አካፍሉ። 100 ፒክሰል ላይ ስበቱ የሚቀንሰው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ግን አይፈነዳም።

## ደረጃ 2፦ የሙከራ ቅጂ አዘጋጁ

1. የስበት ቁጥር፣ የመወንጨፊያ ጉልበት፣ የመስመሩ (መንኮራኩሯ የምትሄድበትን አስቀድሞ የሚያሳየው የነጥብ መስመር) ርዝመትና የግጭት ስፋት (መነካት የሚቆጠርበት ስፋት) በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ። በየቦታው ከተበተኑ አንዱን ለመቀየር ስትሞክሩ ሌላውን ትነካላችሁ።
2. የቅጂውን ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ በትንሹ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ቪዲዮ ስታዩ የትኛው ቅጂ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር የለም።
3. ጌሙ ራሱ መዝገብ ይያዝ። በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ መስመር፦ ሌቭል፣ ስንተኛ ሙከራ፣ የስበቱ አቅጣጫ ሳይሆን የጣቱ አቅጣጫና ጉልበት፣ እንዴት አለቀ (ፕላኔት መታ፣ ከሜዳ ወጣ፣ ነዳጅ ጨረሰ፣ አለፈ)፣ ዒላማውን ስንት ፒክሰል ሳተ፣ በየትኛው ጎን ሳተ። የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ደረጃ 6 በሙሉ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው። ፋይሉ ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ዳታ አያስፈልገውም።
4. የስክሪን ቅጂ ቪዲዮ አብሩ። አንድሮይድ 11ና ከዚያ በላይ ያለው ስልክ ከራሱ ጋር አለው። ጣቱ የት እንዳረፈ ቪዲዮው ላይ እንዲታይ፦ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ፣ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ሲከፈቱ ጣት የነካበትን የሚያሳየውን አብሩ።
5. ስልኩን «አታስቸግሩኝ» ላይ አድርጉ። መሃል ላይ የሚመጣ የቴሌግራም መልእክት ውርወራውን ያበላሻል፤ የግል ጉዳያችሁም ቪዲዮው ውስጥ ይገባል።

ኤፒኬውን (የጌሙን መጫኛ ፋይል) በሰው ስልክ ላይ መጫን ካስፈለገ፦ ፋይሉን በቴሌግራም ከመላክ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ማስተላለፍ የሰውየውን ዳታ ያተርፋል። «አልተጫነም» ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሌላ ኮምፒውተር የተፈረመ (ዲጂታል ፊርማው የተለየ) አሮጌ ቅጂ ስልኩ ላይ መኖሩ ነው። አሮጌውን አጥፍታችሁ ጫኑ፤ ግን የደረሰበት ሌቭልም አብሮ እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ ንገሩት።

## ደረጃ 3፦ ማንን፣ የት፣ መቼ

ለአንድ ዙር 6 ሰው በቂ ነው። ተመሳሳይ ሰዎች ግን አይሁኑ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ሄዳችሁ ስድስት የሶፍትዌር ተማሪ ብታስጫውቱ «የምሕዋሩን ፊዚክስ ወድጄዋለሁ» የሚል ጥሩ ወሬ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ቀላል ጌም ግን የሚሸጠው ለእነሱ አይደለም። እንዲህ አሰባጥሩ፦

- 2 ጌም የሚያዘወትሩ (ከፖሊ ወይም ከሌላው ግቢ ከፔዳ ተማሪዎች)፣
- 3 ጌም የሚጫወቱት ጊዜ ለመግፋት ብቻ የሆኑ። ተራ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር፣ ሱቅ ጠባቂ፣ የዘጌ ጀልባ እስኪሞላ ወደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው፣
- 1 ጌም ተጫውቶ የማያውቅ ትልቅ ሰው።

የባጃጅ ሹፌር ተራው ደርሶ መሃል ላይ ጥሎ ይሄዳል። አትበሳጩ፤ ቀላል ጌም እንደዚያው ነው የሚጫወተው። ሲመለስ ካቆመበት ለመቀጠል መቸገሩን ግን መዝግቡ።

ሰዓት፦ ሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥቁር የጠፈር መደብ ያለው ጌም ፀሐይ ላይ መስታወት ይሆናል፤ ተጫዋቹ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ይህን ሆን ብላችሁ በመጨረሻ አንድ ሰው ላይ ብቻ ሞክሩት፤ ደብዛዛ ግራጫ ነጥብ የነበረው መስመር ጭራሽ እንደማይታይ ያኔ ትረዳላችሁ። ለሌሎቹ አምስቱ ግን ጥላ ፈልጉ።

ዓሣ እየበላ ላለ ሰው ስልክ አትስጡ። ዘይት የነካ ጣት ስክሪኑ ላይ እየተንሸራተተ ይቋረጣል፣ ውርወራው ካሰበው በፊት ይለቀቅበታል፤ መዝገባችሁም በማይረባ ቁጥር ይሞላል። ይብላ፣ ይታጠብ፣ ጨርቁን ስጡት፣ ከዚያ።

ልጆችን የምታስጫውቱ ከሆነ ወላጅ አስፈቅዱ። ፊት አትቅረጹ፤ ስክሪኑ ይበቃል። ድምፅ የምትቀርጹ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

## ደረጃ 4፦ አስጫውቱ፣ ዝም በሉ

1. ስልኩን የሚሰጠው ረዳታችሁ ይሁን። ሠሪው ፊቱ ከቆመ ተጫዋቹን ይሉኝታ ይይዘዋል፤ የደከመበትን ልጅ ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» የሚል ሰው አይገኝም። ረዳቱ «እኔ አልሠራሁትም፤ ችግሩን ፈልጉልኝ ተብዬ ነው» ማለት አለበት፤ እውነትም ነው። እናንተ ሩቅ ሁኑ ወይም ቪዲዮውን በኋላ እዩ።
2. የሚባለው ይህ ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ 10 ደቂቃ ካለህ ይህቺን ጌም ሞክርልኝ። የምፈትነው ጌሙን ነው፣ አንተን አይደለም። የምታስበውን ጮክ ብለህ ብትናገር ደስ ይለኛል።» ለትልቅ ሰው «እናቴ፣ 10 ደቂቃ ካለዎት ይሞክሩልኝ» ይበል። ስለ ስበት፣ ስለ መሳብ፣ ስለ መልቀቅ አንዲት ቃል አይጨምር።
3. ከዚያ ዝምታ። ተጫዋቹ ሲቸገር ጣት መቀሰር ክልክል ነው። «እንዴት ነው የሚደረገው?» ካለ መልሱ «ምን ይመስልሃል?» ነው። ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ብቻ ይርዳው፤ ሰዓቱንና ሌቭሉን ግን ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ አይቆጠርም።
4. ደብተሩ ላይ የሚጻፈው የተናገረው ቃል በቃል ነው። «እምቢ አለችኝ እኮ!» ካለ እንደዚያው ይጻፍ። «መቆጣጠሪያው አልተመቸውም» ብሎ መተርጎም በኋላ የሚደረግ ሥራ ነው፤ እዚያው ከተረጎማችሁ ዋናው ነገር ይጠፋል።
5. 10 ደቂቃ ሲሞላ «በቃ» አትበሉ፤ «ከፈለግክ ማቆም ትችላለህ» በሉ። ሳይጠየቅ ከቀጠለ መዝግቡት። ከአፉ ከሚወጣው «ጥሩ ነው» ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች።

ሲበላሽ፦ ጓደኞቹ ተሰብስበው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ማለት ከጀመሩ ያ ዙር ተበላሽቷል። ዙሩን ሰርዙና ሁለተኛውን ስልክ ለጓደኞቹ ስጧቸው፤ ይበተናሉ።

## ደረጃ 5፦ ጠይቁ፤ ግን «ወደድከው?» አትበሉ

«ወደድከው?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ አሪፍ ነው» ነው። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ጠይቁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. «እዚህ ጋ (ቪዲዮውን እያሳያችሁ) ስትለቃት የት ትሄዳለች ብለህ ነበር?» መልሱን በጣቱ ስክሪኑ ላይ እንዲስል አድርጉ።
2. «ለጓደኛህ ብታሳየው ምን ብለህ ታስጠነቅቀዋለህ?» እንዲህ ሲባል ቅሬታው የእሱ መሆኑ ይቀርና ምክር ይሆናል፤ ይሉኝታውም ይለቀዋል።
3. «አንድ ነገር አጥፋ ብትባል ምኑን ታጠፋለህ?»

«ምን ይጨመር?» አትበሉ። መሣሪያ፣ ጠላት፣ የኢትዮጵያ ባንዲራ ያለው መንኮራኩር፣ የቡድን ውድድር የሚል ረጅም ዝርዝር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ አንዱም ያለውን ጥፋት አይፈታም።

## ደረጃ 6፦ ቃሉን ወደ ጥፋት መልሱ

ማታ ሦስቱን አንድ ላይ ዘርጉ፦ መዝገቡን፣ ቪዲዮውን፣ ደብተሩን። ቅሬታውን ያዙና መዝገቡ ላይ ውርወራዎቹ እንዴት እንደሳቱ እዩ። ጥፋቱን ለይቶ የሚያወጣው ይህ ነው።

### «ከባድ ነው»፣ ሁሉም በአንድ ጎን ስተዋል

ስበት ባይኖር ኖሮ ዒላማውን ይመቱ ነበር? እንግዲያው ተጫዋቹ በቀጥታ ነው ያነጣጠረው፤ ፕላኔቷ እንደምትስብ አላወቀም። ስበቱን መቀነስ እዚህ ምንም አይረዳም፤ ያላየውን ነገር ይበልጥ ታደበዝዙበታላችሁ። ማድረግ ያለባችሁ፦ አንደኛው ሌቭል ላይ ቀጥታ ብትወነጨፍ በፍጹም የማትደርስ፣ ግን በሰፊው ብትታጠፍ የምትደርስ አንዲት ትልቅ ፕላኔት አስቀምጡ። በጽሑፍ ማስረዳት ብዙም አይነበብም። የምትጽፉ ከሆነም ፊደሉን የሚይዝ ፎንት (ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ) ጌሙ ውስጥ አስገቡ፤ አለዚያ አንዳንድ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ይታያል።

### «ከባድ ነው»፣ በግራም በቀኝም ተበትነዋል

ተጫዋቹ ገብቶታል፤ እጁ ግን የሚፈለገውን ያህል መመጠን አልቻለም። ሌቭሉ ነው ጥፋተኛው። ቁጥሩ ይህ ነው፦ መንኮራኩሯ ከሩቅ በሰከንድ 150 ፒክሰል እየመጣች፣ ባትታጠፍ ኖሮ ከማዕከሉ 100 ፒክሰል ላይ ታልፍ የነበረች ከሆነ፣ 48 ዲግሪ ገደማ ትታጠፋለች። 90 ላይ ብትሆን 52.6። ማለትም የ10 ፒክሰል የጣት ስህተት ከፕላኔቷ 500 ፒክሰል ርቆ ባለው ዒላማ ላይ የ40 ፒክሰል ገደማ ስህተት ይሆናል። ያቺኑ ስህተት 200 ፒክሰል ላይ ብትሠራ ግን ውጤቱ 11 ፒክሰል ነው። ስለዚህ ስፋቱ 30 ፒክሰል የሆነ ዒላማ ከቅርብ መታጠፊያ በኋላ አታስቀምጡ። ሁለት ፕላኔት በተከታታይ ካለ ስህተቱ ይባዛል። መፍትሔው በቅደም ተከተል፦ መንገዱን ከፕላኔቷ አርቁ፤ ካልሆነ ዒላማውን አስፉ ወይም አቅርቡ፤ ካልሆነ ሁለተኛዋን ፕላኔት አውጡ። የስበት ቁጥሩን አትንኩ።

### «መስመሩ ይዋሻል»

የሚታየው የነጥብ መስመርና መንኮራኩሯ የሄደችበት ካልገጠሙ ተጫዋቹ ልክ ነው፤ አትከራከሩ። ፈትሹ፦

- መስመሩ የሚሰላበት ኮድና መንኮራኩሯ የምትንቀሳቀስበት ኮድ አንድ ነው? እርምጃቸውስ? (አንዱ 0.02፣ ሌላው 0.05 ከሆነ ኩርባው ላይ ይለያያሉ።)
- ፕላኔቶቹ ይንቀሳቀሳሉ? መስመሩ ሲሰላ እነሱም አብረው ወደፊት መሄድ አለባቸው።
- መስመሩ ከጣቱ ነው ወይስ ከመንኮራኩሯ መሃል የሚጀምረው?

የመስመሩ ርዝመት ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ጉዞ (በ60 እርምጃ ከ60 እስከ 90 ነጥብ ስሌት) ይበቃል። እስከ ዒላማው ድረስ ከሳላችሁ የሚቀር ጨዋታ የለም።

### «እምቢ አለችኝ»

ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው የአስተሳሰብ ነው፦ ባጃጅ ጋዙን ሲለቁት ትቆማለች፣ መንኮራኩር ግን ሞተሯ ቢጠፋም መሄዷን አታቆምም። በጉዞ ላይ ሞተር የሚለኮስበት (ግፊት ያለው) ጌም ከሆነ የፍጥነቷን አቅጣጫ በአጭር ቀስት አሳዩ። ሁለተኛው የጣት ነው፤ ቪዲዮው ላይ ይታያል፦

- ጣቱ መንኮራኩሯን ይሸፍናል። ስክሪኑ ላይ የትም ቦታ ቢነካ መሳብ እንዲችል አድርጉ።
- መንኮራኩሯ ጠርዝ አጠገብ ስትሆን ወደኋላ ሲስብ ስልኩ «ተመለስ» እንደተባለ ይቆጥረውና ጌሙ ይዘጋል። መነሻውን ከጠርዝ አርቁ፤ ከጠርዝ ግማሽ ሴንቲሜትር ውስጥ የጀመረ መሳብንም አትቀበሉ።
- ሳይፈልግ ነክቶ ይወነጨፍበታል። ከግማሽ ሴንቲሜትር ያነሰ መሳብ ይሰረዝ።

### «እሱ ስልክ ላይ ይቀላል»

ወይ ደረጃ 1 ቁጥር 2 አልተሠራም፣ ወይ የመሳቡ ጉልበት በፒክሰል ነው የሚለካው። 720 ፒክሰል ስፋት ባለው ስልክ ላይ ሙሉ ስክሪኑን ቢስብ እንኳ 1080 ያለው የሚያገኘውን ጉልበት አያገኝም። የተሳበውን ርዝመት ለስክሪኑ ስፋት በማካፈል ጉልበቱን አስሉት።

### «ነክቼው አልፌ አልተቆጠረልኝም»

በሰከንድ 1,200 ፒክሰል የምትሄድ መንኮራኩር በአንድ የ1/60 እርምጃ 20 ፒክሰል ትዘላለች፤ 16 ፒክሰል ስፋት ያለውን ኮከብ ሳትነካ ልታልፈው ትችላለች። ካለፈው ቦታ እስከ አሁኑ መስመር ስላችሁ ያ መስመር ኮከቡን መንካቱን ፈትሹ። በዩኒቲ የግጭት ክትትሉን «ኮንቲኒዩየስ» ማድረግ ለጠንካራ ግድግዳ ይሠራል፤ ኮከቡ «ትሪገር» (መንኮራኩሯን የማያግድ፣ መነካቱን ብቻ የሚያሳውቅ) ከሆነ ግን አይረዳም። በተጨማሪም የሚሰበሰበውን ነገር የመነካት ስፋት ከሥዕሉ ትንሽ አስፉ፤ የሚገድለውን ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ አጥብቡ። ለጥቂት ተርፎ ያለፈ ተጫዋች ይስቃል፤ ሳይነካ የሞተ ግን ስልኩን ይመልስላችኋል።

### «ይንቀራፈፋል»

ስልኩ ካልዘገየ ጌሙ ራሱ ቀርፋፋ ነው። 200 ፒክሰል ላይ ያለ ምሕዋር አንድ ዙር ለመጨረስ 18 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ለቀላል ጌም ይህ ረጅም ነው። ግን ፍጥነቱን ብቻ አትጨምሩ፤ መንገዱ ሁሉ ይለወጣል። በ1.3 እጥፍ ለማፍጠን የመወንጨፊያ ፍጥነትን በ1.3፣ የስበት ቁጥርን ደግሞ በ1.69 (1.3 × 1.3) አባዙ። ግፊት ካለም በ1.69። የእያንዳንዱ ሌቭል መንገድ እንደነበረ ይቀራል፤ የሚያጥረው ጊዜው ብቻ ነው። ከሞት በኋላ እንደገና ለመጀመር የሚወስደውንም ለኩ፤ ከ1 ሰከንድ በላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቁረጡ።

## ደረጃ 7፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

1. ከ6 ሰው ቢያንስ 3ቱ ላይ የታየውን ጥፋት ብቻ ያዙ። አንድ ሰው ብቻ ያለውን ጻፉና አቆዩት። ጌሙን የሚዘጋ ጥፋት ግን በአንድ ሰውም ላይ ቢታይ ይጠገን።
2. ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ብልሽት (መዝለል፣ መዝጋት፣ ውሸት መስመር)፣ ቀጥሎ ጣት፣ ቀጥሎ ሌቭል፣ መጨረሻ ላይ የስበት ቁጥር። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል።
3. የስበት ቁጥሩን መንካት የግድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ15 በመቶ አትለፉ።
4. የቅጂውን ቁጥር ቀይሩ፣ ምን እንደተቀየረ በአንድ መስመር ጻፉ፣ የምሕዋሩን ፈተና ድገሙ።

## ደረጃ 8፦ በአዲስ ሰው ድገሙ

ያው ሰው ሁለተኛ ቢጫወት እጁ ለምዷል፤ «አሁን ተስተካክሏል» ይላችኋል፣ የተስተካከለው ግን እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ 6 ሰው ፈልጉ። ከድሮዎቹ አንዱን ብቻ መልሳችሁ ጥሩ፤ እሱን የምትጠይቁት «ምን ተለውጧል?» ብላችሁ ነው። የቀየራችሁትን ካላወቀው ለውጡ ምናልባት አልተሰማም።

የመጀመሪያዎቹን 3 ሌቭሎች ከ6 ሰው 5ቱ ሳይጠይቁ፣ እያንዳንዱን ከ3 ባልበለጠ ሙከራ ካለፉ የስበት ቁጥሩን ቆልፉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን «ከባድ ነው» በሌቭሉ አሠራር ፍቱት፤ የስበት ቁጥሩ አንዴ ከተነካ እስካሁን የሠራችኋቸው ሌቭሎች በሙሉ እንደገና መፈተሽ አለባቸው።